አዲስ ከተሠራ የትራክተር ሞተር ማርሚታ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ

ካሚቻና ፋሻው ተቀይሮ፣ ቴስታታው ታይቶ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶ የተገጠመ ሞተር ተነሥቶ ከማርሚታው ጥቁር ፈሳሽ ወደ ኮፈኖው ሲወርድ ባለቤቱ ገንዘቡ የባከነ፣ መካኒኩም ስሙ የጠፋ ይመስለዋል። ከገርጂ እስከ አያት ባለ የትኛውም ጋራዥ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ሞተሩን ዳግም ማውረድ ነው። ቁልፍ ከመነሣቱ በፊት ግን ይህን ተረዱ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጠብታው የሚመጣው ሞተሩ ጭነት ሳያገኝና በደንብ ሳይሞቅ በመቆየቱ ነው።

መጀመሪያ ፈሳሹን እወቁት። ነጭ ወረቀት ከጭስ ማውጫው ሥር ያዙና ጠብታውን ተቀበሉ። ውሃ ከሆነ ቶሎ ይደርቅና ግራጫ ጥላሸት ብቻ ይተዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ይህ የሚጠበቅ ነው። ናፍታ ከሆነ ቀጥኖ ይሰፋል፤ ሽታው ራሱ ይናገራል። ዘይት ግን በቦታው ይወፍራል፣ በጣቶች መሐል ያንሸራትታል፣ ወረቀቱንም ብርሃን የሚያሳልፍ አድርጎት ይቀራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቋረጠና የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሞተሩን አጥፉና ጓርኒሲዮኑንና ቴስታታውን መርምሩ።

ዘይት መሆኑ ቢረጋገጥም አትቸኩሉ። የድሮው ሞተር ለዓመታት ዘይት ሲያቃጥል ማርሚታው ዘይቱን ሲጠጣ ኖሯል። አዲሱ ሞተር ሙቀት ሲሰጠው ያንን ይተፋዋል። ማርሚታውን ፈትታችሁ ውስጡን ብታዩት ጥርጣሬው ወዲያው ይለያል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የፋሻው አሠራር ነው። ፋሻ ከካሚቻው ጋር የሚጣበቀው በራሱ መለጠጥ ብቻ አይደለም። ናፍታው ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ከፋሻው ጀርባ ገብቶ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። በካሚቻው ላይ በሆኒንግ የተጫሩት ጥቃቅን መስመሮች ዘይት ይይዛሉ፤ ፋሻውንም ቀስ በቀስ ሞርደው ከግድግዳው ጋር ያስማሙታል። ሞተሩ በሚኒሞ ለሰዓታት ሲቆም ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ፋሻው አይገፋም፤ ዘይቱ ወደ ላይ ያልፋል። ከፊሉ ባልተቃጠለ ናፍታና በጥላሸት ተለውሶ ወደ ማርሚታ ይወጣል። ከፊሉ ግድግዳው ላይ ተጋግሮ መስመሮቹን ይሞላና እንደ መስታወት ያለሰልሳቸዋል። እዚያ ከደረሰ ፋሻው ከዚያ ወዲያ በቀላሉ አይስማማም። ስለዚህ «አዲስ ነው፣ ይረፍ» ተብሎ ግቢ ውስጥ ሲንተከተክ የሚውል ሞተር በርኅራኄ እየተጎዳ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታም ነገሩን ያከብደዋል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። እንደ ማሲ ፈርጉሰን 135 ባለሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ወይም እንደ ቤላሩሱ ዲ-240 ያለ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር አነስተኛ ነው። መጨመቁ ይላላል፣ በብርድ ናፍታው በቅጡ አይነድም። ስለዚህ የናፍታ ፓምፑ ካሊብሬሽን ሲደረግ ከፍታው መታሰብ አለበት።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ደግሞ ከልብ የማዝንበት ልማድ ነው። ክዳን በሌለው ዕቃ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሰው ሙቀትን ይፈራል። መድኃኒቱ ግፊት የሚይዝ ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በዚህ አየር ቀኑን ሙሉ ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ማርሚታውም እርጥብ እንደሆነ ይቀራል።

እንግዲህ ሥራ ስጡት። አስነሡት፣ የዘይቱን ግፊት እዩ፣ ጥቂት ደቂቃ አሙቁትና ወደ ጭነት አስገቡት። ማሳ ካለ፣ ለምሳሌ ወደ ሰንዳፋ፣ ማረሻ አስሩለት፤ ዙሩ ሳይወድቅ ከአቅሙ ግማሽ በላይ ይጎትት፣ ጭነቱም ይለዋወጥ። ከተማ ውስጥ ለግንባታ ውሃ የሚያመላልስ ከሆነ ቦቴው ሞልቶ ይጓዝ፤ ቆሞ ሲጠብቅ ሞተሩ ይጥፋ። ከ50 ሰዓት ሥራ ገደማ በኋላ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየር።

ጭነት አግኝቶም ጠብታው ካልቆመ የአየር ማጣሪያውን ክፈቱ። የዘይት ገንዳ ያለው ከሆነና ከምልክቱ በላይ ከተሞላ ሞተሩ ዘይቱን ይስባል። ይህ ደህና ከሆነ ማኒፎልዱን ፈትታችሁ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። አንዱ ብቻ ከረጠበ የዚያን ሲሊንደር ኖዝል አስቀድማችሁ አስፈትሹ፣ ሞተር ሳይወርድ የሚወጣ ነውና፤ ቀጥሎ የቫልቩን ጋይድ እዩ። ሁሉም እኩል ከረጠቡና ከሞተሩ መተንፈሻ ወፍራም ጭስ ከወጣ ግን ካሚቻዎቹ ለስልሰዋል። ያኔ ይከፈት፤ ካሚቻው ተለክቶ ደህና ከሆነ ሆኒንግና አዲስ ፋሻ ይበቃዋል።