ሐዋሳ ደርሶ መልስ፣ በአንድ ሌሊት?

ጥያቄ፦

የምኖረው ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ነው። የ22 ዓመት ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ይዛለች። ሰሞኑን ከጓደኞቿ ጋር ሆነው ሐዋሳ ለሚደረግ ኮንሰርት አባዱላ በኮንትራት ይዘዋል። ዕቅዳቸው ቅዳሜ ከሰዓት ከሠፈር ተነስተው፣ ማታ ኮንሰርቱን አይተው፣ እንዳለቀ ሌሊቱን መመለስ ነው። በእኛ ቤት ልጅ ከቤት ውጪ አያድርም። ይህን ስለምታውቅ «አይዞሽ እማዬ፣ ሳይነጋ ቤት ነኝ» ትለኛለች። እኔ ግን ከሰማሁ ጀምሮ ልቤ አላረፈም። እንዳልከለክላት አድጋለች፣ የምታወጣውም የራሷን ገንዘብ ነው። ዝም እንዳልል ደግሞ መንገዱን እፈራዋለሁ። ያ ሁሉ ዘፈን ስልኳ ላይ እያለስ ይህን ያህል መንገድ መሄድ ለምን አስፈለገ? ልከልክላት ወይስ ልተዋት? የመንገድ ደኅንነት ባለሙያ እንደመሆንዎ ምክርዎን እሻለሁ።

እናት፣ ከዓለም ባንክ

መልስ፦

ውድ እናታችን፣ ጥያቄዎ የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ መልሴን ከፊት ላስቀድመው። ልጅዎ ትሂድ፤ ነገር ግን ሌሊቱን አትመለስ። ሐዋሳ ትደርና እሑድ በቀን ትምጣ። ኮንሰርቱንና መንገዱን አንድ ላይ አድርገው ስለፈሩት ነው መከልከልና መተው ብቻ የታየዎት። በእኔ ሙያ ግን ሁለቱን ነጥሎ ማየት ግድ ነው።

በመጨረሻ ከጠየቁት ልጀምር። ዘፈኑ ስልኳ ላይ አለ፤ እውነት ነው። ስልክ ላይ የሌለው አብሮ የሚዘፍነው ሰው ነው። ድሮ ሙዚቃው ነበር ወደ ሰው የሚሄደው። አዝማሪው መሰንቆውን አንግቶ ከሠርግ ሠርግ፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይዞር ነበር። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ በኋላም እንደ ጎንደሩ ፋሲለደስና እንደ ጎጃሙ ግሽ ዓባይ ያሉ የኪነት ቡድኖች ድምፃውያኑን ይዘው ሕዝቡ ዘንድ ይደርሱ ነበር። ዛሬ ትልልቅ ኮንሰርቶች የሚደረጉባቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው፤ ሙዚቃው ወዳለበት የሚጓዘውም ሰው ሆኗል። ስለዚህ የልጅዎ ፍላጎት አዲስ ዕብደት አይምሰልዎ። በእርስዎ ዘመን የኪነት ቡድን መጣ ሲባል ከየመንደሩ በእግሩ የሚተመውን ሰው ያስታውሱ ይሆናል። ያ ጥም ነው ዛሬ አባዱላ የሚያከራየው።

ምሳሌ ካስፈለገ የባሕር ዳሩ የቴዲ አፍሮ ኮንሰርት አለ። «ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበሙ በ2009 ዓ.ም. ወጣ። አዲስ አበባ፣ ሒልተን ሆቴል ሊደረግ የነበረው የምረቃ ዝግጅት ግን ተከለከለ። አድናቂው አልበሙን በእጁ ይዞ ዘፋኙን በመድረክ ለማየት ወራት ጠበቀ። ጥር 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ መድረክ ሲገኝ ከአዲስ አበባ የተነሳ ሰው ጎጃምን አቋርጦ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። ቀኑ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ ስለነበር በዓሉን ጎንደር አክብሮ ለሚመለስ ሰው ባሕር ዳር መንገዱ ላይ ነበረች። ስታዲየም ሙሉ ሰው አንድ ግጥም በአንድ ድምፅ ሲዘፍን መሐል መቆምን ስልክ አይተካውም። ልጅዎ «ልሂድ» ስትል የምትለው ይህንን ነው።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችንም እንዲሁ ናቸው። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከተቋቋመበት ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ከሞላ ጎደል በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ገደማ የእግር ኳስ ውድድር ያዘጋጃል፤ ከተማውም ይቀያየራል። ብዙዎች ከሌላ ክፍለ ግዛት በመኪና ሲነዱ ውለው የሚገቡት ለኳሱ ብቻ አይደለም፤ ማታ ማታ ስለሚደረጉት ኮንሰርቶችም ጭምር ነው። እዚያ ግን ከበዓሉ በፊት የሚታሰበው አዳር ነው። ሳምንቱን የሚያሳልፉበት ሆቴል ወይም የዘመድ ቤት ሳይዙ የሚነሱ ጥቂቶች ናቸው። እኛ ዘንድ የጎደለው ይህ ነው። ለትኬቱና ለመኪናው እናዋጣለን፤ ለአልጋው አናዋጣም።

አሁን ወደ መኪናው ልውሰድዎ። ሾፌሩን ያስቡት። የኮንትራት ሥራ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ቅዳሜ ጠዋት የተለመደ ሥራውን ሳይሠራ አይቀርም። እንበልና ሌሊት 11 ሰዓት ነቃ፤ እስከ እኩለ ቀን ተሳፋሪ ሲያመላልስ ዋለ። ከሰዓት ልጆቹን ከዓለም ባንክ አሳፍሮ፣ በቀለበት መንገድ ቃሊቲ፣ ከዚያ በፍጥነት መንገዱ ሞጆ፣ ባቱና ሻሸመኔን አልፎ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ማታ ሐዋሳ ገባ። ኮንሰርቱ በ12 ሰዓት ይጀመራል ቢባልም ዋናው ዘፋኝ መድረክ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 4 እና 5 ሰዓት በኋላ ነው። ሾፌሩ በዚህ ሁሉ ሰዓት መኪናውን እየጠበቀ፣ ከስፒከሩ ጩኸት ጋር ወንበሩ ላይ ይገላበጣል። ልጆቹ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተሰብስበው «እንሂድ» ሲሉት ያ ሰው 22 ሰዓት ነቅቷል። ልጅዎን እጁ ላይ የሚጥሉት ያኔ ነው።

በአውስትራሊያ የተደረጉ የታወቁ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የመንቃትና ፈጥኖ የመወሰን አቅሙ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። በብዙ አገሮች በዚህ መጠን መንዳት በሕግ ያስቀጣል። 24 ሰዓት የነቃ ሰው ደግሞ 0.10 በመቶ እንዳለበት ሰው ይሆናል። አንዲት ጠርሙስ ያልቀመሰ ሾፌር በድካም ብቻ የሰከረ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ልጆቹ ትንፋሹን ቢያሸቱ ምንም ስለማያገኙ ተማምነው ይተኛሉ።

በዚያ ላይ ሰዓቱ አለ። ሰውነታችን በቀንና በሌሊት ዑደት ይሠራል፤ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ድረስ ደግሞ እንቅልፍ በሙሉ ኃይሉ ይጎትታል። ዓይን ክፍት ሆኖ አንጎል ለሦስትና ለአራት ሰከንድ የሚያሸልብበት ጊዜ አለ፤ ባለቤቱ ማሸለቡን እንኳ አያውቅም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአራት ሰከንድ ውስጥ 90 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ያን ያህል መንገድ መኪናውን የሚነዳው የለም። በእንቅልፍ የሚደርስ አደጋ አስከፊ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ የተኛ ሰው ፍሬን አይዝም።

«ሾፌሩ ጫት ይዟል፣ አይተኛም» ሲሉ ይሰማሉ። ጫት የእንቅልፍን ስሜት ይሸፍናል እንጂ እንቅልፍን አይተካም። ምርቃናው ያለ ሰው ደግሞ ከእውነተኛ አቅሙ በላይ በራሱ ይተማመናል፣ ፍጥነት ይጨምራል። ሲለቀው የታፈነው ድካም ባንድ ጊዜ ይወርድበታል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሊነጋጋ ሲል፣ ከተማ ለመግባት ጥቂት ሲቀር ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህም የደቂቃዎች ማታለያ ነው። ቡና በተወሰነ ደረጃ ይረዳል፤ ለመሥራት ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ቡናውን ጠጥቶ፣ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ መተኛት ይሻላል። ይህም ቢሆን ቀን ላይ ለሚያንጎላች ሰው የሚሰጥ ምክር ነው፤ 22 ሰዓት ለነቃ ሰው መድኃኒቱ አልጋ ብቻ ነው።

መንገዱንም ላሳይዎ። ከሐዋሳ ሲወጡ ሻሸመኔና አርሲ ነገሌ ድረስ መንገዱ ከተማ ለከተማ ነው። መብራት የሌለው ጋሪ፣ የኋላ መብራቱ የጠፋ ባጃጅ፣ መንገድ መሐል የተኛ ከብት ይኖራል። የተበላሸ የጭነት መኪና አስፋልቱ ላይ ቆሞ፣ ከኋላው ለማስጠንቀቂያ የተቀመጠው ጥቂት ድንጋይና የዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ነቅቶ የሚነዳ ሾፌር ይህን ከሩቅ ለይቶ ያልፈዋል። ፍጥነት መንገዱ ላይ ሲወጡ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ለስላሳና ጸጥ ያለ ስለሆነ የደከመን ሰው ያስተኛል። ከኋላ ልጆቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ያንኮራፋሉ፤ የሾፌሩን ዓይን የሚያይለት አንድም ሰው የለም።

እናቴ፣ እዚህ ላይ በድፍረት የምነግርዎ ነገር አለ። «ልጅ ከቤት ውጪ አያድርም» የሚለው ሕግ ልጅዎን ለመጠበቅ ያወጡት ነው፤ አከብረዋለሁ። በዚህ ጉዞ ላይ ግን ወደ አደጋ የሚገፋት እሱ ነው። ሌሊቱን የምትመለሰው መንገዱን ንቃው አይደለም፤ እርስዎን ላለማስቀየም ነው። በየኮንሰርቱ ማግስት ሳይነጋ መንገድ ላይ የሚታዩት ብዙ ልጆች እንዲሁ «ሳይነጋ እገባለሁ» ብለው የተነሱ ናቸው። መንገዶቻችን በየዓመቱ ሺዎችን ይነጥቁናል፤ ከእነዚህ መሐል ትልቅ ሰው ላለማሳዘን የቸኮለ ልጅ እንዳይኖርበት ማድረግ የምንችለው እኛ ትልልቆቹ ነን። ስለ አዳሩ የሚያሳስብዎ ነገር ካለ፣ እሱ በንግግርና በጥንቃቄ የሚፈታ ነው። የሌሊቱ መንገድ ግን በምክር አይፈታም።

ስለዚህ ምን ያድርጉ? ጓደኞቿን ከጉዞው በፊት ቤት ቡና ይጥሯቸው። ለመመርመር አይደለም፤ አብሮ ለማቀድ ነው። የሌሎቹን ልጆች ወላጆች ስልክ ይያዙ፤ እነሱም እንደርስዎ ተጨንቀው ይሆናል። ከዚያ እነዚህን ያስጨርሷቸው።

አንደኛ፣ ከመነሳታቸው በፊት ሐዋሳ ላይ ፔንሲዮን ይያዝ። የኮንሰርት ሰሞን አልጋ ቶሎ ስለሚያልቅ ደርሰን እንፈልጋለን አይባልም። ሴቶቹ አንድ ላይ የሚያድሩበት፣ ከኮንሰርቱ ቦታ የማይርቅ ይሁን። ለብዙ ሰው ሲካፈል የአልጋው ዋጋ አይከብድም።

ሁለተኛ፣ ለሾፌሩም አልጋ ይያዝለት፤ ሒሳቡ የኮንትራቱ አካል ይሁን። እሱ የሚተኛው ኮንሰርቱ ሲጀመር ነው። ልጆቹ ሲያልቅ በእግራቸው ወይም በባጃጅ፣ ሳይነጣጠሉ ወደ ፔንሲዮኑ ይግቡ። የመኪናው ቁልፍ ሌሊቱን አይነካ።

ሦስተኛ፣ መኪናው ትርፍ አይጫን፤ ሁሉም ወንበር የደኅንነት ቀበቶ ይኑረው፤ ከኋላ የተቀመጠውም ይሰረው። ጎማና ፍሬኑ ከመንገዱ በፊት ይታይ። ይህን ሲጠይቁ የሚቆጣ ባለመኪና ካለ ሌላ ይፈለግ።

አራተኛ፣ እሑድ ቁርስ በልተው ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ይነሱ። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓትም እንቅልፍ የሚጫጫንበት ጊዜ ስለሆነ ባቱ ወይም መቂ ላይ ምሳ በልተው ሾፌሩ ይረፍ። ጋቢና የሚቀመጠው ልጅ ኃላፊነት አለበት፤ አይተኛም፣ ሾፌሩን ያጫውታል። ሾፌሩ ደጋግሞ ካዛጋ፣ መስመሩን ከሳተ ወይም ያለ ምክንያት ፍጥነቱ ከወጣና ከወረደ «ወንድሜ፣ ትንሽ እንረፍ» ብሎ ማስቆም ነውር አይደለም። ልጅዎ ይህን ቃል ለማለት እንዳታፍር አስቀድመው ይንገሯት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «አናድርም፣ ሌሊቱን ነው የምንመለሰው» ካሉ፣ ያኔ ይከልክሏት። ያን ጊዜ ክልከላዎ ሙዚቃ ላይ እንዳልሆነ ልጅዎ ታውቃለች፤ ምክንያቱም እንድታድር ቀድመው የፈቀዱላት እርስዎ ነዎት። ግን እስከዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። ልጅዎ ኮንሰርቱን አይታ እሑድ ከሰዓት እንድትመለስ የሚያስፈልጋት ከእርስዎ የሚወጣ አንድ ቃል ነው፦ «እደሪ»። ዛሬውኑ ይበሏት፤ ፔንሲዮኑ ሳይሞላ።