ገሉን ከማንሳታችሁ በፊት

ካምፓላ ውስጥ ሉዚራ ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው እስር ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 እዚያው ግቢ መሬት ሲቆፍሩ የነበሩ እስረኞች ከሸክላ የተሠራ የሰው ራስ አገኙ፤ አብረውት ብዙ የሸክላ ስብርባሪዎች ወጡ። ራሱ ዛሬ ለንደን፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ከመሬት ያወጣው ግን የባለሙያ ቁፋሮ ስላልነበረ፣ ስለ ዘመኑና ስለ አገልግሎቱ ለአሥርት ዓመታት ብዙ ጥያቄ ተንጠልጥሎ ቆየ። በ2008 አንድሩ ሪድና ኬሪ አሽሊ የተባሉ አጥኚዎች አብረውት የወጡትን ስብርባሪዎች እንደገና መርምረው ነው ታሪኩን ወደ ቦታው መመለስ የጀመሩት። ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ገሎች ለዋናው ቅርስ መሰከሩለት!

አሁን ወደ እኛ አገር ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 አፋር ውስጥ፣ ወራንሶ ሚሌ በሚባለው የጥናት ቦታ፣ አንድ የአካባቢው አርብቶ አደር የመንጋጋ ቅሪተ አካል አይቶ ለተመራማሪው ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነገራቸው። እሳቸውም አጥንቱን ተቀብለው ብቻ አልሄዱም፤ “የት ነው ያገኘኸው?” ብለው ቦታው ድረስ አብረውት ሄዱ። የቀረው የራስ ቅል እዚያው አጠገብ ተገኘ። የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ይህ ራስ ቅል በ2019 ለዓለም ሲገለጽ የሰው ዘር አመጣጥ ጥናት አዲስ መነጋገሪያ ሆነ። ያ ሰው ዲግሪ አልነበረውም። የነበረው አገሩን የሚያውቅ ዓይንና ቦታውን በትክክል ማሳየት መቻሉ ነው።

“እኔ ምን አውቄ?” የምትሉ ወዳጆቼ፣ ይህን ቃል ዛሬ አስቀምጡት።

የዩጋንዳ ሶሳይቲን ተመልከቱ። በ1923 የተመሠረተው ይህ ማኅበር ዩጋንዳ ጆርናል የተባለውን መጽሔት ከ1934 ጀምሮ ሲያሳትም፣ ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ የዕለት እንጀራቸው ሌላ ነበር። ስለ ሉዚራው ግኝት ከጻፉት አንዱ ኢ. ጄ. ዌይላንድ የአገሪቱ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ላኒንግ የተባለው የአስተዳደር ሠራተኛ የምዕራብ ዩጋንዳን ጥንታዊ የአፈር ካቦችና ቦዮች እየዞረ መዝግቦ በ1953 በዚሁ መጽሔት ላይ አወጣ። ከእነዚህ ቦዮች ትልቁ ቢጎ ብያ ሙጌኒ ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ በቦታ በቦታው ዓለት ተፈልፍሎ ተሠርቷል። አርኪኦሎጂስቶቹ ፒተር ሺኒ በ1957፣ ሜሪክ ፖስናንስኪ ደግሞ በ1960 ቢጎን ሲቆፍሩ፣ ከእነሱ በፊት በእግራቸው ዞረው የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ዘመኑ የቅኝ ግዛት ነበርና የማኅበሩ ብዕር በአብዛኛው በውጭ ሰዎች እጅ ነበር። ቢሆንም የቡንዮሮ ነገሥታትን ታሪክ በተከታታይ ያቀረበውና “ኬ. ደብሊው.” በሚል የብዕር ስም የጻፈው ሰው ራሳቸው ንጉሥ ቲቶ ዊንዪ እንደነበሩ ይታመናል። የአገሬው ሰው የራሱን ሲጽፍ እንዴት ደስ ይላል!

ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር የምትኖሩ ሐበሾች፣ የምታድሩባት ከተማ በሙሉ ኮረብታ ናት፤ እያንዳንዱም ኮረብታ ታሪክ አለው። አንድ ኮረብታ ምረጡ። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ቅዳሜ ጠዋት ውጡ። ሰፈሩ ውስጥ የቆዩትን ጃጃ (አያት) ሰላም ብላችሁ፣ ቀደም ሲል እዚህ ምን እንደነበረ ጠይቁ። የሰማችሁትን በደብተር አስፍሩ፦ ማን ነገራችሁ፣ መቼ፣ የት ቆማችሁ። ገል ወይም የተጠረበ ድንጋይ ካያችሁ አታንሱ፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ አኑራችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡ፣ ለዩጋንዳ ሙዚየም ሰዎች አሳውቁ። መቆፈር ግን ፈጽሞ! በዩጋንዳም ሆነ በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ቁፋሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ አንዴ የተናደ አፈር ደግሞ ተመልሶ አይደረደርም።

ለምን አሁን? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 እዚሁ ካምፓላ ያለው የካሱቢ መካነ መቃብር በእሳት ወደመ። በ1882 በቡጋንዳው ካባካ (ንጉሥ) ሙቴሳ ቀዳማዊ የተሠራ፣ በኋላም የአራት ካባካዎች ማረፊያ የሆነ የሣር ቤት ነበር። እንደገና ለመገንባት ገንዘብ ብቻ አልበቃም፤ የክዳኑን ሥርዓት ከትውልድ ትውልድ ይዘው የኖሩት የንጌዬ ጎሳ ሰዎች ዕውቀት አስፈለገ። ዕውቀቱ በሰው ዘንድ ስለኖረ ቤቱ ተነሣ፤ ዩኔስኮም በ2023 ካሱቢን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አወጣው። እናንተ በምትወጡበት ኮረብታ ላይስ እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ስንት ናቸው? አንዱን ዘንድሮ ብታገኙና የሚነግሯችሁን ብትጽፉ ትልቅ ሥራ ሠራችሁ።

ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ከገባችሁ ወደ ኪራ መንገድ ሂዱ። በ1908 ኦልድ ካምፓላ ላይ በሉጋርድ ምሽግ የተጀመረው የዩጋንዳ ሙዚየም ከ1954 ወዲህ እዚያ ነው። የሉዚራውን ታሪክ ጠይቁ፣ ስለ ሰፈራችሁ የተጻፈ ካለ ፈልጉ፣ ከዚያ የራሳችሁን ደብተር ይዛችሁ ወደ መረጣችሁት ኮረብታ ውጡ።