ፔምፊገስ፦ ቁስሉ ሲደርቅ ክኒኑን አታቁሙ!



አሶሳ ላይ ያከምኳት አንዲት እናት ለአራት ወር አፏ ቆስሎ ገንፎ እንኳ መዋጥ አቅቷት ነበር። መጀመሪያ «ምች ነው» አሏት። ገላዋ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲወጣ ደግሞ «አልማዝ ባለጭራ ነው» ተባለ። ሁለቱም አልነበረም፤ ፔምፊገስ ነበር።

👉 ምንድን ነው?
የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የቆዳ ሴሎችን እንደ ሙጫ አጣብቆ የያዘውን ፕሮቲን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ቆዳው ይላቀቅና ውሃ ይቋጥራል፤ ቶሎ ይፈነዳል፣ ቶሎ ግን አይድንም። አልማዝ ባለጭራ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ወጥቶ በሳምንታት ይደርቃል። ይሄኛው አፍን፣ ራስን፣ ደረትንና ጀርባን ያዳርሳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ከቁስሉ ዳር ናሙና ተወስዶ (ባዮፕሲ) ይረጋገጣል።

👉 ሕክምናውስ?
ዋናው ፕሬድኒሶሎን ነው። የዚህ ዓይነት መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት አብዛኛው ታማሚ ይሞት ነበር። ብዙ ጊዜ አዛታዮፕሪን ይጨመርበታል፤ እሱ ግን ሥራው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ሪቱክሲማብ በጣም ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው።

ያቺ እናት ቁስሏ ሲደርቅና ፊቷ ሲያብጥ ጎረቤት «ክኒኑ ነው የጎዳሽ» አላት፤ ተወችው። ብዙም ሳይቆይ በሰው ተደግፋ መጣች፤ ቁስሉ ከበፊቱ ብሶ ነበር። ሕመሙ «አልሰማ አለ» የምንለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ነው።

ስለዚህ፦
1. ክኒኑን በራሳችሁ አታቁሙ። የሚቀነሰው በሐኪም፣ በወራት፣ ቀስ እየተባለ ነው። በድንገት ከቆመ ሕመሙ ያገረሻል፤ ግፊት ወርዶ ለሕይወትም ያሰጋል።
2. ከመጀመራችሁ በፊት ቲቢ፣ ስኳርና ግፊት ተመርመሩ። እንደ እኛ አካባቢ በባዶ እግር እርሻና ወርቅ ቁፋሮ ባለበት ሰገራም መታየት አለበት፤ ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ሊባዛና ሊገድል ይችላል።
3. ቁስሉ ላይ ቅጠልም ቅቤም አታድርጉ። ትኩሳት ወይም መግል ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።
4. አዲስ አበባ፣ እንደ አለርት ወዳሉ ሆስፒታሎች፣ ሪፈር ከተጻፈላችሁ መንገዱ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለመንገዱም ለወረፋውም የሚበቃ ክኒን ያዙ።

እናታችን መድኃኒቷን እንደገና ጀምራ፣ ዛሬ በትንሽ መጠን ላይ ናት። ገንፎዋንም ትበላለች።

አፉ ቆስሎ ከወር በላይ ያልዳነለት ሰው ካወቃችሁ ይሄን ሼር አድርጉለት።