የሞት ፍርድ በአይሁድ ሊቃውንት ሸንጎ

ስለ ሞት ቅጣት ክርክር ሲነሳ ኦሪት አትቀርም። ገዳይ ይገደል የሚለው ሰው ዘፍጥረት ምዕራፍ 9ን ይጠቅሳል፤ አይገደል የሚለው ደግሞ «እሱ በኦሪት ዘመን ነው» ብሎ ወደ ወንጌል ይሻገራል። ኦሪት ጨካኝ ሕግ ናት በሚለው ግን ሁለቱም ይስማማሉ። ሕጉን ቃል በቃል የሚያከብሩት የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት እንዲህ አላነበቧትም። አነባበባቸውን ማወቅ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የሚገኘው በሚሽና ነው፤ በቃል ሲወርድ የኖረው የአይሁድ ሕግ በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሰበሰበበት መጽሐፍ። (ኦሪትን በግዕዝ ይዘው የኖሩት ቤተ እስራኤል ይህን መጽሐፍ በአገራቸው አላወቁትም።) ሊቃውንቱ የሞት ፍርድን ከሕጉ አልሰረዙም፤ የፈጣሪ ቃል ነውና መሰረዝ አይቻላቸውም። ያደረጉት፣ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ሰው አይገደል የሚለውን የዚያችኑ የኦሪትን ትእዛዝ እስከ ጥጉ መከተል ነው።

ምስክሩ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ዳኞቹ ያስጠነቅቁታል። በግምት ወይም ከሌላ ሰምቶ እንዳይናገር፣ በገንዘብ ክርክር የተሳሳተ ከፍሎ እንደሚካስ፣ በነፍስ ጉዳይ ግን የሟቹም ሆነ ሳይወለዱ የቀሩት ዘሮቹ ደም በእሱ ላይ እንደሚሆን ይነግሩታል። አዳም ብቻውን የተፈጠረው አንዲት ነፍስ ያጠፋ ዓለምን እንዳጠፋ እንዲታወቅ ነው ይሉታል። ይኸው ሐሳብ በቁርኣን፣ በሱረቱል ማኢዳ፣ ለእስራኤል ልጆች እንደተደነገገ ተጠቅሷል። ይህም አልበቃም። ገዳዩ ከድርጊቱ በፊት ቅጣቱ ሞት መሆኑ ተነግሮት፣ እሱም «አውቃለሁ፤ ቢሆንም አደርገዋለሁ» ያለ መሆን አለበት። እንዲህ ብሎ የሚገድል ሰው ከየት ይገኛል?

ዳኞቹ 23 ናቸው። ነጻ ለማውጣት የአንድ ድምፅ ብልጫ ይበቃል፤ ለሞት ግን ሁለት ያስፈልጋል። ነጻ የሚያወጣው ፍርድ በዕለቱ ሊሰጥ ይችላል፤ የሞቱ ለማግሥቱ ያድራል።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው የመጨረሻው ሰዓት ሥርዓት ነው። ፍርደኛው ወደ መገደያው ሲወሰድ አንድ ሰው ጨርቅ ይዞ በሸንጎው በር ይቆማል፤ ፈረሰኛ ደግሞ ጨርቁ በሚታይበት ርቀት ይጠብቃል። አዋጅ ነጋሪ ከፊት እየሄደ የፍርደኛውን ስም፣ ጥፋቱንና የምስክሮቹን ማንነት ይናገራል፤ የሚከራከርለት ካለ ይምጣ ይላል። አንድ ሰው «የምለው አለኝ» ካለ ጨርቁ ይውለበለባል፤ ፈረሰኛው ጋልቦ ያስቆማቸዋል። ፍርደኛው ራሱ መከራከሪያ አገኘሁ ቢል፣ ቃሉ ፍሬ እስካለው ድረስ አራት አምስት ጊዜም ይመልሱታል።

የዚህን ጥንቃቄ ዋጋ ሊቃውንቱ አልደበቁትም። ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ እንደሚተርከው፣ ስምዖን ቤን ሸታሕ አንድ ሰው ሌላውን እያሳደደ ወደ ፍርስራሽ ሲገባ አይቶ ተከተለው። ሲደርስ በአሳዳጁ እጅ ያለው ሰይፍ ደም ያንጠባጥባል፤ የተወጋው ይንፈራገጣል። ስምዖን ገዳዩን ፊት ለፊት ወቀሰው፤ ነገር ግን ሁለት ምስክር ስለሌለ ሊያስፈርድበት አልቻለም። የሟች እናት ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን? ሚሽና መልስ አለው፤ መግደሉ ታውቆ የተሟላ ምስክር ያልተገኘበት ሰው በጠባብ ክፍል ተዘግቶ በጥቂት እንጀራና ውኃ ይያዛል። ታልሙድ ይህን ሲያብራራ መጨረሻውን ሞት ያደርገዋል። ስለዚህ ሊቃውንቱን የሞት ቅጣት ጠላት አድርጎ ማቅረብ እውነቱን ማጉደል ነው።

እርስ በርሳቸውም አልተስማሙም። በ7 ዓመት አንድ ሰው የገደለ ሸንጎ አጥፊ ይባላል ተብሎ በሚሽና ተጻፈ፤ ረቢ ኤልዓዛር ቤን አዛርያ በ70 ዓመት አንድ ቢሆንም አለ። ረቢ ታርፎንና ረቢ አቂባ እኛ በሸንጎው ብንኖር ማንም ባልተገደለ አሉ። ረባን ሽምዖን ቤን ገምልኤል ግን እንዲህ ቢሆን ነፍሰ ገዳዮች በበዙ ነበር ብሎ መለሰላቸው፤ ምዕራፉም በእሱ ቃል ያበቃል። እነዚህ ሰዎች ሲናገሩ ቤተ መቅደሱ ፈርሶ፣ የመግደል ሥልጣን ከሸንጎው ወጥቶ ነበር። በእጃቸው ስለሌለ ሥልጣን መቸር ቀላል ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሮም በየቀኑ በምትገድልበት ዘመን ከግድያ መሸሻቸው ይበልጥ ሚዛን ይደፋብኛል፤ አቂባ ራሱ በሮማውያን እጅ ነው የሞተው።

የዛሬዋ እስራኤል በ1954 እ.ኤ.አ. ለተራ ግድያ የሞት ቅጣትን አስቀረች፤ ለናዚ ወንጀል ግን አቆየችው። የናዚው ሹም አዶልፍ አይኽማን ሲፈረድበት ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ፈላስፋ ማርቲን ቡበር እንዳይገደል ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ቤን ጽቪን ለመነ። ቤን ጽቪ ምሕረቱን አልፈቀዱም፤ አይኽማን በ1962 በስቅላት ተቀጣ። ሽምዖን ቤን ገምልኤልም አቂባም በዚያ ክርክር ውስጥ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ እኔ በቡበር ቦታ ብሆን ልመናውን እፈርም ነበር።