«አሳተፍን» ወይስ «አሳወቅን»?

ጥያቄ፦ መራዊ አካባቢ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። «ገበሬውን አሳትፈናል» በማለት ፈንታ «አካትተናል» ወይም «አማክረናል» ብል ለውጥ አለው?

መልስ፦ አለው፤ ያውም ትልቅ ለውጥ። «ማሳተፍ» ከግእዙ «ሱታፌ» ጋር አንድ ዘር ነው። ሱታፌ ኅብረት፣ ተካፋይነት ማለት ነው፤ ስለዚህ የተሳተፈ ሰው በነገሩ ድርሻ አለው። «ማካተት» ግን በዝርዝር ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው፤ ስሙ የተካተተ ገበሬ ከነጭራሹ ላይሰማ ይችላል። «ማማከር» ሐሳብ ይጠይቃል፤ ውሳኔው ግን ከጠያቂው እጅ አይወጣም።

የአካባቢዎን የኮጋ ግድብ ውሃ እንውሰድ። ግድቡ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የታሰበ ነው፤ በበጋ ከአንድ ቦይ ብዙ ሰው ተራ ይጠብቃል። ኮሚቴው ተራውን ለብቻው ደልድሎ በስብሰባ ካነበበ፣ ትክክለኛው ቃል «አሳወቅን» ነው። ገበሬዎቹ ተከራክረው ተራውን ራሳቸው ካወጡ ግን «ተሳትፈዋል» ይባል።

ለጉልበት ሥራ ጎጃም የጠሩ ቃላት አሉት። ቦይ ጠረጋው በደቦ ከሆነ ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል፤ በወንፈል ከሆነ ጉልበቱ ብድር ነው፣ በተራ ይመለሳል። ሁለቱንም «ተሳትፎ» ብሎ መጠቅለል ማን ለማን ምን እንዳለበት ይሰውራል።

ቃሉ ለክፉም ይውላል፤ «በስርቆቱ ተሳትፏል» እንላለን። እዚህ ላይ «ግብረ አበር» ይበልጥ ይገልጻል። ሰውን ሳይወድ ወደ ጣጣ ማስገባት ደግሞ «ማነካካት» ነው።

እባክዎ፣ ገበሬው ባልወሰነበት ጉዳይ ላይ «አሳትፈናል» ብለው አይጻፉ።