በጢያ ትክል ድንጋዮች ፊት ካሜራ ይዞ መቆም

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ ሶዶ ውስጥ፣ ጢያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከዳርዋ የቆሙት ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከ36ቱ 32ቱ ሰይፍን ጨምሮ ልዩ ልዩ ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል፤ አብዛኞቹ ምልክቶች ምን ለማለት እንደተቀረጹ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ብዙ ጎብኚ የሚዘነጋው ግን ቦታው መቃብር መሆኑን ነው። በቁፋሮ የሰው አጽም ተገኝቶበታል። ስለዚህ ካሜራህን ከማውጣትህ በፊት እግርህን የት እንደምታሳርፍ እይ። መሄጃውን ይዘህ ተጓዝ፣ ድንጋይ አትደገፍ፣ የወደቀውም ላይ አትቀመጥ።

ጀማሪን የሚያናድደው በዓይኑ ያየው ሰይፍ ፎቶው ላይ ጠፍቶ ማግኘቱ ነው። ሰይፉም ዙሪያውም አንድ ድንጋይ፣ አንድ ቀለም ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ከጠርዙ የሚወርደው ጥላ ነው። ፀሐይ ገጹን ፊት ለፊት ስትመታው ጥላ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም፤ ቅርጹም ይጠፋል። ብርሃኑ ገጹን ታክኮ ሲያልፍ ግን እጅግ ቀጭን ጠርዝ እንኳ ረጅም ጥላ ትጥላለች። ይህን ሰያፍ ብርሃን እንበለው።

«ጠዋትና ማታ አንሳ» የሚለው የተለመደ ምክር መሬት ላይ ለተጋደመ ድንጋይ ልክ ነው። ለቆመ ድንጋይ ግን ከሰዓቱ በፊት ገጹ ወዴት እንደዞረ ጠይቅ። ገጹ ወደ ምሥራቅ ከሆነ የማለዳ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ሰያፍ ብርሃን የሚያገኘው ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ፀሐይ ከአናቱ ሆና ገጹን ቁልቁል ስትታከከው ነው። ወደ ደቡብ የዞረ ገጽ ደግሞ በበጋ ወራት ማለዳና አመሻሽ ላይ ከጎን ይበራለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምር፤ ከብርሃኑ አቅጣጫ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ መስመር ጥላ የለውም። የሰይፉ ስለት በቁመት የተዘረጋ ስለሆነ የቀትር ፀሐይ አግድሙን እጀታ አጉልታ ስለቱን ታደበዝዘዋለች። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ቢያንስ ሁለት ፎቶ ይፈልጋል፤ ከላይ በበራ ብርሃንና ከጎን በበራ ብርሃን። ሰዓቱን መጠበቅ ካልቻልክ አንድ ጓደኛህ በጃንጥላ ገጹን ያጥላልህ፣ ሌላው ፍላሽ ወይም የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ወደ ገጹ አስጠግቶ፣ ሳያስነካ ይያዝልህ። አንተ ራቅ ብለህ ቁምና በዙም አቅርበው፤ ተጠግተህ ሽቅብ ካነሳኸው ድንጋዩ ወደ ጫፉ የሾለ ይመስላል።

ይህን የማያውቅ ሰው ቅርጹን ለማጉላት ጠመኔ ያነሳል። ጠመኔ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል፤ ለማጽዳት ሲፋቅ ደግሞ የድንጋዩ ቅንጣት አብሮ ይነሳል። ለእኔ ግን የባሰው ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ጠመኔ የያዘው ሰው መስመሩ የት እንደሚያልፍ ራሱ ወስኖ ያሰምራል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተመልካች የሚያየው የእርሱን ግምት ነው። ትርጉሙ ገና ላልታወቀ ምልክት ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። በድንጋዩ ላይ የበቀለውን መፋቅም ድንጋዩን እንዲሁ ይጎዳል።

ጢያ ዘበኛ አላት። በደቡብ የተበተኑ ሌሎች ትክል ድንጋዮች ግን ብዙዎቹ የቆሙት ገበሬ በሚያርሰው ማሳ ውስጥ ነው። እዚያ ስትደርስ ሰላምታ አስቀድም፤ ባለማሳውን ወይም የአካባቢውን ሽማግሌ አስፈቅድ፤ ምን እንደምታነሳና ለምን እንደሆነ በግልጽ ንገር። አይሆንም ካሉህ አመስግነህ ተመለስ። የሸክላ ስባሪ ወይም አጥንት ካየህ ከነበረበት ሳታነቃንቅ ፎቶ አንሳው፤ ለተመራማሪ ከዕቃው እኩል የተገኘበት ቦታና ጥልቀት ይናገራል። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አመልክት። ፎቶውን ለሰው ከማጋራትህ በፊት ደግሞ ስልክህ በምስሉ ውስጥ የሚመዘግበውን የቦታ አድራሻ አጥፋ፤ ጠባቂ የሌለውን መቃብር ለቆፋሪ የሚጠቁመው እርሱ ነው።