«ሐና» የሚለው ስም ትርጉም

ሐና የምትባል እኅት የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? ስሙ የዕብራይስጥ ሲሆን ትርጉሙ ጸጋ፣ ሞገስ ማለት ነው። የነቢዩ ሳሙኤል እናትና የፋኑኤል ልጅ ነቢይቱ በዚሁ ስም ተጠርተዋል። ቤተ ክርስቲያናችንም የእመቤታችንን እናት ቅድስት ሐናን ከኢያቄም ጋር በየወሩ በ11 ቀን ታስባለች። ስሙ በእኛ ዘንድ የተወደደውም ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ጸጋ ሲባል የለመኑትን ማግኘት ብቻ ይመስለናል። 1ኛ ሳሙኤል 1፥18ን ልብ ብለን እናንብብ። የሳሙኤል እናት ከጸሎቷ ተመልሳ እህል የቀመሰችው፣ ኀዘኗም ከፊቷ የራቀው ገና ልጁን ሳትፀንስ ነበር። ከወለደችው በኋላም ጡት አስጥላ ለእግዚአብሔር መልሳ ሰጠችው።

እንግዲህ የፈተና ውጤት ወይም ሥራ በመጠበቅ ላይ ያለን ወጣቶች፣ ሐና ብለን በጠራን ቁጥር ጸጋ በመጠበቅም በመስጠትም እንደሚገኝ እናስታውስ።